ደብረ ብርሃን ላይ ስኩተር ስገዛ የሠራኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቆመው የሚነዱት የኤሌክትሪክ ስኩተር ልትገዛ እንደሆነ ነገረችኝ። ዋጋውን ነገረችኝ። ቀለሙን ነገረችኝ። ታጥፎ ጠረጴዛ ሥር እንደሚገባም በስልኳ አሳየችኝ። በየትኛው መንገድ እንደምትነዳው ግን አላነሳችም። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም ልክ እንደ እሷ ነበርኩ። ቀኝ ክርኔ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኋትና ቁጭ ብለን ረጅም ሰዓት አወራን። ያን ቀን የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የምኖረው ጠባሴ ነው። የምሠራው መሀል ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጄ ያኔ ገና ሁለት ዓመቷ ስለነበር ምሳ ሰዓት ቤት ደርሼ እመለሳለሁ። በቀን አራት ጉዞ ማለት ነው። ጠዋት ባጃጅ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት የቆምኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ደግሞ ባጃጆቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ይውላሉ እንጂ መንገድ ላይ አይታዩም። ቢሮ ስገባ "ዛሬም?" የሚለው የአለቃዬ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ የማያወራ ሰው የለም። እኔም ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ነገር በተለይ ደስ አለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለ ከፍታው አቅሙን አይወስድበትም። "ለእኛ አገር የተሠራ ነው" ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት። ስለ ብርዱ፣ ስለ ኮብሉና ስለ ደረጃው ግን ምንም አላነበብኩም ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ገና ሳልገዛ ነው የተፈጠረው። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ትሠራለች። ለእረፍት ስትመጣ እንድታመጣልኝ ገንዘብ ላክሁላት። ገዝታ፣ አሽጋ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይዛው ሄደች። እዚያ አስቆሟት። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከ160 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የጉልበት ልክ) በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ መንገደኛ ይዞ መሳፈር አይችልም። በእጅ ሻንጣም ቢሆን፣ በሚጫነውም ቢሆን። ከ100 እስከ 160 ያለው ደግሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። የእኔ 280 ነበር። ልጅቷ በረራው እንዳያመልጣት እያለቀሰች ለሸኛት ጓደኛዋ ሰጥታው መጣች። በኋላ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ አባዙት። 36 ቮልት ሲባዛ በ7.5 አምፔር ሰዓት 270 ዋት ሰዓት ይሆናል። ለሥራ መመላለሻ የሚሆን ስኩተር ሁሉ ማለት ይቻላል ከ160 በላይ ነው። ሰው ላይ ጭነት አትጣሉ።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ ገዛሁ። ሻጩ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አሳየኝ። "12 ኪሎ ብቻ ነው እህቴ፣ ቦርሳ በይው" አለኝ። ሱቁ ውስጥ፣ ለስላሳ ሴራሚክ ላይ ሁለት ዙር ነዳሁት። እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ወረቀቱ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። እኔ በቀን የሚያስፈልገኝ 20 ነው፤ 10 ይተርፈኛል ብዬ ከፈልኩ። ለአምስት ወር ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። ላምበረት መናኸሪያ መጥቼ ደብረ ብርሃን መኪና ስሳፈር እግሬ ሥር ገባልኝ። ያን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ሙሉ ፈገግ እያልኩ ነው የመጣሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ጥቅምት አጋማሽ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ። አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባኝ። ማታ ስመለስ ስኩተሩ የመጨረሻው ዳገት ላይ ይንገዳገዳል። ከ18 ኪሎ ሜትር በኋላ ባትሪው ቀዩን ያሳያል። የተበላሸ ነገር ያለ መስሎኝ ሻጩ ጋር ደወልኩ። አላነሳም።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። ብዙ አምራቾች ያን 30 ኪሎ ሜትር የሚለኩት 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲነዳ ነው። የእኛ አገር መንገድ ሜዳም አይደለም፣ ነፋስ የሌለበትም አይደለም፣ 25 ዲግሪም አይደለም። እኔ አሁን የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 15 ዋት ሰዓት እይዛለሁ። የእኔ ባትሪ 270 ዋት ሰዓት ነበር፤ ለ15 ስታካፍሉት 18 ይመጣል። ልክ የእኔ ቁጥር። ዳገት ሲጨመር ደግሞ ይቀንሳል። እኔና ስኩተሩ ከነቦርሳዬ 80 ኪሎ እንሆናለን። 40 ሜትር ከፍታ መውጣት ብቻውን፣ ሜዳ ላይ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ጉልበት ይበላል። ስትወርዱ የሚመለሰው ከዚያ ጥቂቱ ነው።

ስለ ሞተሩም በዚያው ልንገራችሁ። የእኔ 250 ዋት ነበር። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ እንዲህ ያለው ሞተር በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ባትሪው ሲደክም ደግሞ እሱም ይቀንሳል። ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ በእግር መንገድ ፍጥነት ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ከዚያ ኅዳር ገባ። የደብረ ብርሃንን ኅዳርና ታኅሣሥ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ውጭ ያደረ ባልዲ ውኃ ላዩ በረዶ ይሆናል። እኔ ስኩተሩን የማሳድረው በረንዳ ላይ ነበር፣ ቻርጀሩን ሰክቼ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ስነሳ ሙሉ ይላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ግማሽ አይሞላም። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ሁሉ አይሰጥም። እሱ ሲሞቅ ይመለሳል፤ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ያለው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረጉ ላይ ነው። ያኔ ሊቲየሙ መግባት ያለበት ቦታ አይገባም፤ ብረት ሆኖ ውስጡ ይለጠፋል። የተለጠፈው አይመለስም። ባትሪውንም ለአደጋ ያጋልጠዋል። ይህን ያወቅኩት ባትሪዬን ወር ሙሉ ከጎዳሁት በኋላ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቤት እንደገባሁ ስኩተሩን ሳሎን አስገብቼ አንድ ሰዓት ያህል ዝም እለዋለሁ። ሲሞቅ እሰካለሁ። ልተኛ ስል እነቅላለሁ። መኝታ ቤትም ሆነ መውጫ በር አጠገብ ቻርጅ አላደርግም፤ እሳት ቢነሳ የምንወጣበት መንገድ ክፍት መሆን አለበት። መብራት ከሄደ ቻርጀሩን ወዲያው እነቅልና ከመጣ ትንሽ ቆይቼ ነው የምመልሰው። እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ እንዴት እየዘለለ እንደሚመጣ የተቃጠለ ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ ያውቃል።

ወደ ኮብሉ ልምጣ። ይህ ነው ዋናው።

ከቤቴ እስከ አስፓልቱ 600 ሜትር ኮብል አለ። የገዛሁት ስኩተር ጎማ 8 ኢንች ነው፤ ድፍን ጎማ፣ ነፋስ የማይሞላ። ሻጩ "አይተነፍስም፣ ጎሚስታ ጋር አትሄጂም" ብሎ ነበር፤ እውነቱን ነው። ግን ድፍን ጎማ ምንም አይውጥም። ድንጋዩ የሚመታው እያንዳንዱ ምት ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ እጃችሁ ይመጣል። በቀን አራት ጊዜ፣ ሁለት ወር ተኩል። ጥር መጀመሪያ ላይ ከመሪው ሥር "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። መሪውን ወደ ፊት ስገፋው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ቅዳሜ አሳየዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ልጄ አመማት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልኩ።

ሐሙስ ቀን ለሥራ ጉዳይ ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት እየወረድኩ ነበር። ፍጥነቴ 20 ቢሆን ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ጋሪ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። የስኩተሩ ማጠፊያ ተከፈተና መሪው ከእነእጄ ወደ ታች ታጠፈ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የፈረሱን ኮቴ ነው። ባለጋሪው ወርዶ "እቴ፣ ተነሽ፣ አይዞሽ" እያለ አነሳኝ። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሯል። ክርኔ ተልጧል። ሄልሜቴ ከግንባሬ በላይ ተሰንጥቋል። ሄልሜቱን የገዛልኝ ባለቤቴ ነው። እኔ አልፈልግም ብዬ ተከራክሬው ነበር። ያ ስንጥቅ ጭንቅላቴ ላይ ይሆን ነበር።

እናቴ ከመሐል ሜዳ ሰምታ በማግስቱ ደረሰች። ወጌሻ ጋር እንሂድ አለችኝ፤ አባቴን ያዳነ ወጌሻ ስላላት ነው። እኔ ራጅ ተነስቼ ጄሶ ታስሮልኝ ነበር። አጥንቱ ከመገጣጠሚያው አጠገብ ስለተሰበረ ሐኪሙ እንዳይታሽ አስጠነቀቀኝ። እናቴን በፍቅር አስረዳኋት፤ ተቀበለችኝ። ከወደቃችሁ መጀመሪያ ራጅ ተነሱ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆየሁ። ልጄን በአንድ እጄ ማቀፍ ነበር ከሁሉ የከበደኝ።

ስኩተሩን አንድ የሞተር ሳይክል ሜካኒክ ፈታው። የማጠፊያውን መቆለፊያ የሚይዘው ብሎን ላልቶ፣ ላልቶ፣ ጥርሱን ጨርሷል። እኔ ብቻ የገጠመኝ መስሎኝ ነበር። ሳነብ ግን በእ.ኤ.አ. 2019 ታዋቂው የቻይና ኩባንያ ሺያኦሚ ራሱ፣ ማጠፊያው ላይ ያለ ብሎን ሊላላ ይችላል ብሎ ከ10 ሺህ በላይ ስኩተሮችን ለጥገና እንደጠራ አወቅኩ። የእኔ የዚያ ኩባንያ ምርት አይደለም። ነገሩ ግን አንድ ነው። የሚታጠፍ ስኩተር ሁሉ ደካማው ቦታ የሚታጠፍበት ቦታ ነው።

ጄሶው ላይ ሆኜ ብዙ አሰብኩ። ሁሉም ሰው "ተይው" አለኝ። ግን ባጃጅ መጠበቁ አልቀረልኝም። እንደገና ልግዛ አልኩ፤ በዚህኛው ዙር ግን መጀመሪያ መንገዱን ለመለካት ወሰንኩ። ሁለት ቀን ከቤቴ እስከ ቢሮዬ በእግሬ ሄድኩ። ኮብሉ የት ጀምሮ የት ያልቃል፣ ጉድጓዱ የት ነው፣ ዳገቱ ስንት እርምጃ ነው፣ ውኃ የሚተኛው የት ነው፣ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። የክረምቱን ጭቃ የሚያውቁት የሰፈሩ ሰዎች ናቸውና እነሱንም ጠየቅኩ።

ክብደቱን በተመለከተ ደግሞ የማንም ወረቀት አላመንኩም። እናቴ ገብስ ይዛልኝ መጥታ ነበር። 15 ኪሎ መዝኜ በማዳበሪያ ከረጢት ቢሮ ወሰድኩት። በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። የሕንፃው ጥበቃ "ልጄ፣ አምጪው እኔ ላውጣልሽ" ብለው ተከተሉኝ። "ተዉኝ ጋሼ፣ እየለካሁ ነው" አልኳቸው። እዚህ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አርፌያለሁ፣ ግን ወጣሁ። በማግስቱ 19 ኪሎ አድርጌ ሞከርኩ። አልቻልኩም። እንግዲህ ጣሪያዬ 15 ሆነ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ገብስ፣ ጤፍ፣ ስሚንቶ፣ ያገኛችሁትን። ተሸክማችሁ የማትወጡት ደረጃ ከሌላችሁ ደግሞ ስለ ክብደት አብዝታችሁ አትጨነቁ፤ ከበድ ያለው የተሻለ ነው። ስኩተር ከሚገባው በላይ ሲቀል ቅለቱ ከሦስት ነገር ነው የሚመጣው፤ ከባትሪው፣ ከጎማው፣ ወይም ከብረቱ። የእኔ የመጀመሪያው ከሦስቱም ነበር የተቀነሰለት።

ሁለተኛውን ስገዛ ሱቅ ውስጥ አልነዳሁትም። "ውጭ ካላወጣችሁልኝ አልገዛም" አልኩ። ሁለት ሱቅ እምቢ አለ። ሦስተኛው ፈቀደና አንድ ሠራተኛ አብሮኝ ወጣ። ኮብል ያለበት ዳገት ፈልገን ወጣሁበት፣ ወረድኩበት። ከዚያ ቆሜ የፊት ጎማውን በእግሬ ይዤ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዘወዝኩት። ጸጥ ካለ ጥሩ ነው። ማጠፊያው ከዋናው መቆለፊያ ሌላ ሁለተኛ መያዣ እንዳለውም አየሁ። ዋናው ቢከፈት ሁለተኛው ይይዘዋል። ሁለተኛ መያዣ የሌለውን ስኩተር ለእህቴ አልመክራትም፤ ለእናንተም አልመክርም።

የመረጥኩት 15 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ሞተሩ 350 ዋት፣ ባትሪው 36 ቮልት በ10.4 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 374 ዋት ሰዓት። ለ15 ሳካፍለው 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብርዱ ቢቀንሰውም ለ20ዬ ይበቃል። ጎማው 10 ኢንች፣ ነፋስ የሚሞላ። የነፋስ ጎማ መቼም ይተነፍሳል። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የጎማውን ቁጥር ጽፌ ሰፈሬ ያለው ጎሚስታ ጋር ሄጄ ነበር። ከላማዳሪው (ውስጡ ያለው ነፋስ የሚይዘው ላስቲክ) እንደማይገኝ፣ መቀየር ግን እንደሚችል ነገረኝ። አብሬ ሦስት ከላማዳሪ ገዛሁ። አንዱን ተጠቅሜያለሁ። ጎሚስታው የነገረኝ ሌላ ነገርም አለ፤ ብዙ ጎማ የሚበሳው በሚስማር ሳይሆን ነፋሱ አንሶ ከድንጋይና ከቸርኬ መሀል ሲቆረጠም ነው። በየሳምንቱ ነፋሱን አያለሁ። ሞተር ያለበት ጎማ ሽቦ ስላለው ለመፍታት ጊዜ ይፈጃል፤ ለማያውቅ ሰው አትስጡት።

ፍሬኑ ላይ ቆም በሉ። አንዳንድ ስኩተር ያለው የኤሌክትሪክ ፍሬን ብቻ ነው። ይህ ፍሬን የሚሠራው ጉልበቱን ወደ ባትሪ እየመለሰ ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ደግሞ የሚመልስበት የለውም፤ ይደክማል። ጠዋት ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ በቀጥታ ቁልቁለት የምትወርዱ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሽቦ የሚጎተት እውነተኛ ፍሬን ቢያንስ አንዱ ጎማ ላይ ይኑር።

ዝናብን በተመለከተ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የአይፒ (IP) ቁጥር፣ ማለትም የውኃ መቋቋሚያ መለኪያው፣ የመጨረሻ አኃዙ 4 ከሆነ የሚችለው ፍንጣቂ ነው። የተኛ ውኃ ውስጥ መግባት አይችልም። እኔ ሐምሌና ነሐሴ አልነዳም። ባትሪውን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጌ ቤት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ በወር አንዴ አየዋለሁ። እነዚያን ሁለት ወራት በባጃጅ ነው።

ጋቢና ነጠላ ለብሳችሁ አትንዱ። ብርዱ ያስገድዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ ይጎትታችኋል። ጃኬት ልበሱ፣ ዚፑን ዝጉ። ጓንት ደግሞ የግድ ነው። ኅዳር ላይ ጓንት የሌለው እጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ እጅ ፍሬን አይዝም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቡና እየተፈላ ብሎኖቹን አጠብቃለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ማጠፊያው፣ መሪው፣ ፍሬኑ። ልጄ አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ቁልፉን የምታቀብለኝ እሷ ናት።

ባልደረባዬ ገና አልገዛችም። ባለፈው ቅዳሜ መንገዷን አብረን በእግራችን ሄድነው። ከቤቷ እስከ አስፓልቱ ያለው ኮብል ከእኔ ይረዝማል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ክረምት ውኃ የሚሻገርበት ቦታ አለ። የምትኖረው ምድር ቤት ነው፤ ቢሮዋ ግን ከእኔ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ነው። በሚመጣው ሰኞ 15 ኪሎ ገብስ ይዛ ትመጣለች። ጥበቃውን ጋሼን ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ።